ኢንሱሊን ይዤ ባህር ዳር መግባት አለብኝ፤ በምን ልሂድ?

ጥረዛ ክፍል · ህዳር 11 ቀን 2016፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አንባቢ ነበርኩ፣ ዛሬ ጨንቆኝ ነው የጻፍኩት።

አራት ኪሎ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። እናቴ ባህር ዳር ናት፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር፣ ብቻዋን። ስኳር ካገኛት 11 ዓመቷ ነው፤ ጠዋትና ማታ ትወጋለች። ከመስከረም ወዲህ እሷ የምታውቃቸው ፋርማሲዎች አንድ ቀን አለ፣ ሦስት ቀን የለም ይሏታል። እኔም ባለፈው ወር ከዚሁ ገዛሁና ከነበረዶው በፌስታል ጠቅልዬ ለአንድ የአውቶብስ ረዳት ሰጥቼ ላክሁ። መኪናው ደጀን ላይ ቆመ። አራት ቀን። ረዳቱ ታማኝ ልጅ ነው፣ በአምስተኛው ቀን ቤቷ ድረስ አደረሰላት። እሷም ደስ ብሏት ተወጋች፤ በሁለተኛው ቀን ማሽኑ ከ400 በላይ አሳየ። መድኃኒቱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነበር። እኔ አላወቅሁ፣ እሷ አላወቀች። ጎረቤቷ ናት በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት።

ስለዚህ አሁን ራሴ ይዤ መሄድ አለብኝ። ሰኞ ለገሃር ሄጄ ሦስት ትኬት ቢሮ ዞርኩ። አንዱ «ነገ ይወጣል» አለኝ። አንዱ «ስልክሽን ተይ፣ ሲከፈት እንደውላለን» አለ። ሦስተኛው ጋ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ማን አለሽ እዚያ?» አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ።

ጥያቄዎቼ፦ አውቶብስ ወይስ አውሮፕላን? የአውሮፕላኑ የደርሶ መልስ ዋጋ ከደመወዜ ግማሽ በላይ ነው። የአራት ዓመት ልጅ አለኝ፣ እናቴ ካየቻት አንድ ዓመት አልፏል፤ ልውሰዳት ወይስ ልተዋት? ደግሞስ መድኃኒቱን እንዴት ነው የምይዘው? በቅርቡ የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ።

ዝምተኛው · ማታ 3:05

አትሂጂ እህቴ። ጦርነት ወዳለበት ከተማ ሰው ይወጣል እንጂ አይገባም።

ጥረዛ ክፍል · ማታ 3:11

እናትህ እዚያ ብትሆንስ?

ዝምተኛው · ማታ 3:30

ልክ ነሽ። ይቅርታ።

ትኬት ቆራጭ · ማታ 4:15

እኔ በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፣ የየትኛው ድርጅት እንደሆንኩ ይቅር። «ነገ ይወጣል» ያለሽ ሰው ላይዋሽሽ ይችላል፣ እሱም ለነገ ተነግሮት ነው። ችግሩ ወጣ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። ድሮ ሌሊት 11 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ የተነሳ መኪና 9 ሰዓት፣ ቢዘገይ 10 ሰዓት ላይ ባህር ዳር ይገባል። አሁን ዓባይ በረሃን ሳይሻገር ጎሃ ጽዮን ላይ «ተመለሱ» ተብሎ ማታ እዚህ የሚገባ አለ። ደብረ ማርቆስ ደርሶ እዚያ የሚቀር አለ። ትኬትሽን እንቀይርልሻለን፤ አልጋና ምግብ ግን የራስሽ ነው።

ሁለተኛው ነገር እገታ ነው። ከገብረ ጉራቻ እስከ ጎሃ ጽዮን ባለው መንገድ ሰው ከመኪና ወርዶ ይወሰዳል፣ ቤተሰብ ብር ይጠየቃል። ሾፌሮቻችን እዚያ ሲደርሱ ሬዲዮ ይዘጋሉ። ለምን እንደሚዘጉ እነሱም አይነግሩኝም፣ ግን ሁሉም ይዘጋሉ።

ልጅቷን በአውቶብስ አታስቢው። እኔ ብሆን በአየር ነው፣ ብር ተበድሬም ቢሆን።

ባለ ፋርማሲዋ · ህዳር 12፣ ጠዋት 3:20

ዛሬ ህዳር ሲታጠን ነው፣ ከተማው ሁሉ በጭስ ታፍኗል፣ እኔም እያሳለኝ ነው የምጽፈው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ቦታው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያለ ማቀዝቀዣ ነው። ከማቀዝቀዣ ወጣ ማለት ግን ወዲያው ሞተ ማለት አይደለም። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ ወደ አራት ሳምንት ይቆያል። ያንቺን የገደለው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው በረሃው፣ ዘግተውት ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ። ሁለተኛውን ሰው አይጠረጥረውም፤ በረዶው ራሱ። ኢንሱሊን በረዶ ነክቶት ከጋገረ አለቀ፣ ቢቀልጥም አይሠራም። በፌስታል በረዶ ላይ ማስቀመጥ ደግ ሥራ ይመስላል እንጂ ያበላሻል።

ስለዚህ አፉ ሰፊ የሆነ ፔርሙስ ግዢ። በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዢው፣ ውሃውን ድፊው፣ አድርቂው፣ መድኃኒቱን በፎጣ ጠቅልለሽ ክተቺበት። በአውሮፕላን ከሄድሽ በእጅሽ ያዢው፤ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ በፍጹም እንዳታስገቢ። የእናትሽ የሐኪም ማዘዣ ማኅተም ያለበት ከሆነ ዋናውን ያዢ፣ ኮፒም አንሺ። አሁን መድኃኒት በብዛት የያዘ ሰው ፍተሻ ላይ «ለማን ነው?» ይባላል፤ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ካለሽ መልስሽ አጭር ይሆናል። መርፌውንም በዚያው ወረቀት አስጽፊ።

ለእናትሽ ደግሞ፣ መብራት ሲጠፋ፦ ሁለት ማሰሮ፣ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ትሙላ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ። መድኃኒቱ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ። ውሃው ሲተን ያቀዘቅዛል። ደመና የሚመስለውን ዓይነት ከመውጋቷ በፊት በመዳፏ መሃል ታንከባልለው፤ ተንከባሎም እንደ አይብ የተቋጠረ ነገር ከታየበት ትጣለው።

ጣና ዳር · ህዳር 12፣ ቀን 8:50

ከባህር ዳር ነኝ። የስልክ ዳታ ከተቋረጠ ወራት ሆኖታል፣ ይህን የምጽፈው ሆቴል ሄጄ በዋይፋይ ነው፣ ለአንድ ሻይ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ።

ከተማው ውስጥ ሰው ይኖራል። ገበያ አለ፣ ቡና ይጠጣል፣ ልጆች ይጮኻሉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ትነሺና ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ባጃጅ የለም። ተኩሱ ሩቅ ይሁን ቅርብ በጆሮ አይለይም፣ ከሐይቁ በኩል ድምፅ ይመለሳል። በማግስቱ እንደገና ገበያ ነው። እንግዳ ሰው የሚሳሳተው ጸጥ ባለው ቀን ነው፤ ጸጥታውን አይቶ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ሲመለስ መንገዱ ይዘጋበታል። አንቺ ከኤርፖርት ቀጥታ ቤት ግቢ። የምታውቂው ባለ ባጃጅ ካለ በስሙ ቀጥሪው። ሰዓት እላፊ አለ፣ ስለዚህ ማታ የሚደርስ በረራ አትቁረጪ።

ጥሬ ብር ያዢ። ባንክ ሲስተም የለም የሚልበት ቀን ብዙ ነው። ቴሌብር በ*127# ያለ ዳታ ይሠራል፣ ግን ባለ ባጃጁም ባለ አትክልቷም የሚወዱት ብሩን ነው። ስልክሽ ላይ ያለውንም አጽጂ፤ ቪዲዮ፣ ፎቶ፣ የተላከልሽ የማንም ንግግር። ማንን እንደምትደግፊ ለማወቅ አይደለም የሚያዩት የሚል ይኖራል፤ እኔ ያየሁት ሌላ ነው።

የቤቱ ጠባቂ · ህዳር 12፣ ቀን 9:30

ከዚህ በታች ማን ጀመረው፣ ማን ምን አደረገ የሚሉ 14 አስተያየቶች ነበሩ፣ አነሳኋቸው። ለዚያ ሌላ ቦታ አለ። እዚህ ልጅቷ የጠየቀችው መንገድ ነው።

ኤንትሬ · ህዳር 12፣ ማታ 1:20

ልጄ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይመታል። ፊደል ከተሳሳተ የሱ ነው።

ከ1966 ጀምሮ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ኤንትሬ ፊያት፣ ተሳቢ ያለው። አሰብ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አልቆጠርኩም። አሁን ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ከድሮ ሾፌሮች ጋር ቡና ይዤ እቀመጣለሁ፤ ልጄ ደግሞ በጎጃም በኩል አይሱዙ ይነዳል። ስለዚህ ወሬው ይደርሰኛል።

«መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽ እንደሆነ ሁሉም ሰው መልስ አለው። እንደሱ አትጠይቂ። «ዛሬ ከባህር ዳር ተነስቶ እዚህ የገባ ማን ነው? ደጀንን ስንት ሰዓት አለፈ?» በዪ። ስም ካልጠሩልሽ አልገባም ማለት ነው። ትናንት የገባውን አትቁጠሪ፣ ትናንት ሌላ መንገድ ነው። ገና የሚወጡትንም አትቁጠሪ። እኔ ልጄ ሲወጣ ጣቴ ላይ የምቆጥረው የገቡትን ነው፤ ሦስት መኪና ሳይገባ እሱ አይወጣም። አንድ ቀን ሳይነግረኝ ወጣ፣ ፍቼ ላይ አደረ፣ በማግስቱ ተመለሰ። ጭነቱ ቲማቲም ነበር፣ የቲማቲሙን ነገር ተይው።

ይህን የተማርነው አስመራ መንገድ ላይ ነው። በ1981 የደርግ ጦር ትግራይን ከለቀቀ በኋላ ከአዲስ አበባ አስመራ በየብስ መሄድ ቀረ። ዕቃው አሰብ ይወርዳል፣ በመርከብ ምጽዋ ይደርሳል፣ ከምጽዋ ደግሞ እኛ በኮንቮይ ሽቅብ እንወጣለን። ምጽዋ አስመራ 115 ኪሎ ሜትር ነው። በደህናው ጊዜ ጠዋት ተነስተሽ ምሳሽን አስመራ ትበያለሽ። እኔ አንዴ ስድስት ሌሊት ፈጅቶብኛል፤ ዶንጎሎ ሁለት፣ ጊንዳ አራት። ተኩስ ቢኖር እንኳ ምክንያቱን ባወቅን። ማንም ምንም አይነግርሽም። ከፊት ያለው መኪና ቆሟል፣ አንቺም ቆመሻል። ውሃ ያልቃል። የአንዱ መኪና ባትሪ ይሞታል፣ ኮንቮዩ ሲንቀሳቀስ እሱን ገፍተው ዳር ያወጡታል፣ ሾፌሩ ጭነቱን ትቶ የሌላ ሰው ጋቢና ላይ ይንጠለጠላል። እንቅልፍ የለም። ሰው ለሰው ይከፋል፤ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ሁለት የሚዋደዱ ሾፌሮች ሲደባደቡ አይቻለሁ።

ረዳቴ የ19 ዓመት ልጅ ነበር፣ የደብረ ዘይት ልጅ። ጊንዳ ላይ በሦስተኛው ቀን ጀሪካኑን ይዞ ከአስፋልቱ ወረደ። ሃያ እርምጃ አይሆንም። ፈንጂ ነበር።

(የልጅ ልጁ ነኝ። አያቴ እዚህ ጋ ትንሽ ዝም አሉ።)

ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። በአውቶብስ ከሄድሽ መኪናው የሆነ ቦታ ይቆማል፣ ሴቶች ለመጸዳዳት ራቅ ይላሉ። አትራቂ። መንገድ ዳር የወደቀ ምን እንዳለ አታውቂም። ነጠላ ዘርጉና እርስ በርስ ተከላለሉ። ወንዶቹን ፊታችሁን አዙሩ በሉ፤ ሾፌሩ ሰው ከሆነ እሱ ራሱ ይላቸዋል።

ለአንቺ ግን በአውሮፕላን ሂጂ ነው የምልሽ፣ መድኃኒት አራት ቀን አይጠብቅም። ነገር ግን አውሮፕላንም መንገድ ነው፣ ይዘጋል። የካቲት 1982 ምጽዋ በሻዕቢያ ስትያዝ እኔ አስመራ ነበርኩ፣ ጭነቴን አራግፌ ለመመለስ ስዘጋጅ። መኪናዬ ተገትራ ቀረች። ከተማዋ በአየር ብቻ የምትቀለብ ሆነች። ኤርፖርቱ ላይ መድፍ ይወድቃል፣ አንቶኖቩ ግን ይወርዳል፣ ሰው ደግሞ ይሰለፋል። 17 ቀን ተሰለፍኩ። ወደ አስመራ ስሄድ መግቢያውን ያልነገረኝ ሰው አልነበረም፣ መውጫውን የጠየቅሁት ግን ከገባሁ በኋላ ነው። አንቺ አሁኑኑ ጠይቂ። የመመለሻውን ትኬት እዚሁ ቁረጪ፣ በዚያም ላይ ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ ያዢ። አለቃሽን «ሰኞ እገባለሁ» አትበዪው፣ «ሰኞ ወይ ሐሙስ» በዪው። ልጅሽን የምትተዪላት ሴትዮ ጋም ለሐሙሱ የሚሆን ብር አስቀምጪ።

ልጅቷን አትውሰጃት። አያቷ ብትሆን ይህንኑ ትልሽ ነበር፣ በስልክ ጠይቂያት።

ጥረዛ ክፍል · ህዳር 12፣ ማታ 3:45

አባባ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናቴን ጠየቅኋት፣ ልጄን እንዳላመጣ ማለችልኝ፤ አንተንም አትምጪ አለችኝ እንጂ... ይቅርታ፣ እኔንም ማለቴ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። አርብ በአውሮፕላን ልሄድ ነው። ከዕድር ተበደርኩ። በሕይወቴ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ደርሶ ሲመለስ ለሰው ምን ይነገራል? ማተሚያ ቤት ያሉት ልጆች ከአሁኑ «ስትመለሺ ሁሉን ትነግሪናለሽ» እያሉኝ ነው።

ኤንትሬ · ህዳር 13፣ ጠዋት 2:10

የበላሽውን ንገሪያቸው። እኔ ለሚስቴ የነገርኳት የአስመራን ፓስታ ነው። ስለ ልጁ የነገርኳት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ እናቱ ደብረ ዘይት ስትሞት ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ።

ጥረዛ ክፍል · ህዳር 22፣ ማታ 2:00

ተመልሻለሁ። ዳታ ስለሌለ ከዚያ መጻፍ አልቻልኩም፣ የጠየቃችሁኝን አሁን ነው ያየሁት።

አርብ ሄድኩ። አውሮፕላኑ ፕሮፔለር ያለው ትንሹ ነው፣ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ዓባይ በረሃን ከላይ አየሁት፣ እንደ ተቀደደ ጨርቅ። ፔርሙሱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር፣ አጠገቤ ያሉት ሰውዬ «ቡና ነው?» አሉኝ። መድኃኒት ነው ስላቸው ወደ መስኮቱ ዞሩና ቆይተው «እኔም ለወንድሜ የደም ግፊት ይዣለሁ» አሉ። ቆጠርን፣ በዙሪያችን ካሉት ውስጥ አራት ሰው መድኃኒት ይዟል።

ፍተሻ ላይ አንዱ ወታደር ፔርሙሱን አስከፈተኝ። ወረቀቱን አየ። «እናትሽ ናት?» አለ። «አዎ» አልኩ። ክዳኑን ራሱ ገጠመልኝ። ባለ ፋርማሲዋ፣ ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው ያሳለፈኝ፣ ተባረኪ።

እናቴ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያለችው «ምን ልታደርጊ መጣሽ በዚህ ጊዜ» ነው። ከዚያ አቀፈችኝ። በጣም ቀንሳለች። ቀኝ እግሯ ላይ ያለችው ቁስል ደህና ናት፣ ነርስ እየመጣች ታጥባታለች።

ሰኞ ነበር መመለሻዬ። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ተኩስ ጀመረ፣ እስከ ረፋድ አላቆመም። መስኮቱ በሌለበት ጓዳ ከእናቴ ጋር ተቀመጥን፣ ዳዊት ትደግማለች፣ መሃል ላይ ታቋርጥና «በርበሬው እንዳይረሳ» ትለኛለች። ስሙን ይዤው የነበረው ባለ ባጃጅ ደወለ፣ «ዛሬ መኪናም ሰውም የለም፣ አትውጪ» አለ። አውሮፕላኑ አመለጠኝ። ረቡዕ ጠዋት ከተማው እንደ ገና ገበያ ነበር፣ በዚያ ቀን ወጣሁ። አለቃዬ «ሰኞ ወይ ሐሙስ» ብዬው ስለነበር አንድም አልተናገረኝም። የልጄ ሞግዚትም ብሯን ይዛ ነበር። አባባ፣ እነዚህን ሁለቱን ባይነግሩኝ ኖሮ እብድ ነበር የምሆነው።

ትኬት ቆራጭ፣ ረዳቱን ልጅ ባህር ዳር አገኘሁት። መድኃኒቱ እንደተበላሸ አልነገርኩትም። በቀን አምስት ጊዜ ፌስታሉን እየከፈተ ውሃውን ያፈስ እንደነበር ነገረኝ፣ እንዳይሞቅ ብሎ ደግሞ ከደጀን በረዶ ገዝቶ ጨመረበት።

ባለ ፋርማሲዋ · ህዳር 22፣ ማታ 2:25

እሰይ! ማሰሮውስ? ሠራችው?

ጥረዛ ክፍል · ህዳር 22፣ ማታ 2:31

አሸዋውን ሳይቀር ከሐይቁ ዳር አስመጥቼ ሠራሁላት። ሦስት ቀን ቆየ፣ እውነትም ያቀዘቅዛል። ልመለስ ስል ግን ትልቁን ማሰሮ ባዶውን አጥባ ምድጃ ላይ ጥዳው አገኘኋት። «የጾም ሽሮ ምን ላይ ልሠራ ነው?» አለችኝ። ፔርሙሱን ትቼላት መጣሁ።